የዘይት ድምፅ

አባቷ የማርማላታውን ጠርሙስ ወደ ፀሐይ አንሥቶ፣ አንደኛውን ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ጠርሙሱ ውስጥ ከጥብስ ቤቱ ጀሪካን የተቀዳ ያገለገለ ዘይት አለ። አብሳዩ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ፍርዱን ይጠብቃል። ከጓሮው አጥር ውጭ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ሞተሯ ሳይጠፋ ቆማ ትንቀጠቀጣለች፤ አራት ውሾች ከኋላዋ ተሰብስበው የጭስ ማውጫዋን ያሸታሉ። ጭሷ የተጠበሰ ድንች ይሸታል። ድንቹ ራሱ የት እንደገባ ግን ውሾቹ ሊገባቸው አልቻለም።

ሴት ልጁ ሰዓቷን አየች። አራት ሰዓት ተኩል። በአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ሕይወቷን በደወል የምትመራ፣ ደብዳቤ አንድ ቀን ቢዘገይ እንቅልፍ የሚነሣት ሴት ናት። ዛሬ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መሪ ይዛ፣ የማንንም ደወል በማይሰማ ሽማግሌ ትመራለች።

«አባዬ፣ ሰዓቱ!»

«አንድ ጊዜ።»

«ይሄ አንድ ጊዜ ከጠዋት ጀምሮ ስንተኛው ነው?»

አባቷ ጠርሙሱን ዝቅ አደረገ። ጥቂት አሰበና ድምፁን ቀንሶ፣ «ማንኪያዬንና ሻማዬን ከመሣሪያ ሣጥኑ አምጪልኝ እስቲ» አላት። «አሥር ደቂቃ ብቻ።»

አሥር ደቂቃ! ይህን ቃል ስትሰማ ደሟ ይፈላል። በዚህች መኪና ላይ ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ ነው። ለመነሣት አሥር ደቂቃ፣ ለመቆም አሥር ደቂቃ፣ አሁን ደግሞ በሻማ ማንኪያ ለማሞቅ አሥር ደቂቃ።

«አሥር ደቂቃ የለንም» አለች፣ ዓይኗን ከሰዓቷ ሳታነሣ። «በእጅህ ይዘኸው የለ እንዴ! ታየዋለህ አይደል? ንጹሕ ከሆነ ይቀዳ፤ ካልሆነም እንሂድ።»

«ጋሼ፣ ንጹሕ ነው እኮ» አለ አብሳዩ። «ይሄኛው የአሣ ነው፣ ያኛው የድንች። ሁለቱንም ይውሰዱት።»

አባቷ ጠርሙሱን እንደገና ወደ ፀሐይ አነሣው፤ በዚህኛው ዓይን አየው፣ በዚያኛው ዓይን አየው፣ ወዝወዝ አደረገው። ለአብሳዩ ፈገግ አለለትና፣ «ንጹሕ ነው» ብሎ ክዳኑን ገጠመው።

በዚህ መሃል የጸሐፊዋ ስልክ ጮኸ። ከዓይን ሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ነው። ጀርባዋን ለዘይቱ ሰጥታ፣ አንድ ጆሮዋን በጣቷ ደፍና፣ «አዎ፣ መንገድ ላይ ነን፤ እንደርሳለን» ስትል አብሳዩ የአሣውን ጀሪካን ወደ መኪናዋ ገለበጠው። የድንቹን ጀሪካንና ባዶውን ከኋላ ጫነ።

ቀጠሮው እስከ ስምንት ሰዓት ነው። ሐኪሙ በዓመት አንድ ጊዜ ለሦስት ቀን ይመጣል፤ ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው። ጸሐፊዋ ይህን ተራ ለማግኘት ስምንት ወር ደውላለች፣ ለምናለች፣ አንድ ጊዜም ስልክ ላይ አልቅሳለች። እስከ ስምንት ሰዓት ያልደረሰ ሰው ተራው በር ላይ ለሚጠብቅ ይሰጣል። የአባቷ ሁለት ዓይኖች በሞራ ተሸፍነዋል፤ እዚያው ሠፈራቸው ያለው ሐኪም ባለፈው አይቶ፣ «ይህ ዓመት ካለፈ ዳግም ያያል ብዬ አልዋሻችሁም» ብሎ ነበር። አባቷ ግን ቤት ሲመለሱ፣ «ሐኪም ማስፈራራት ይወዳል፤ እኔ ትንሽ ትንሽ አያለሁ» አለና ጋራዡ ገባ።

አርባ ዓመት የወፍጮ ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ጡረታ እንደወጣ ሰው ሁሉ ጋዜጣ በማንበብ ፈንታ፣ ፒክአፗን ከጥብስ ቤት በተረፈ ዘይት የምትሄድ አደረጋት። ከወንበሩ ጀርባ ሁለተኛ ሰልባቲዮ፣ የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ሠራላት፤ ከራዲያተሩ የሚመጣው ሙቅ ውሃ በመዳብ ቱቦ እየዞረ ዘይቱን ያሞቀዋል። ሞተሯ ከወንበሩ ሥር ካለች ትንሽ ሰልባቲዮ በሚመጣ ናፍጣ ትነሣለች። ስትሞቅ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችውን የቧንቧ ቁልፍ አዙሮ ወደ ዘይት ያሻግራታል፤ ለመቆም አሥር ደቂቃ ሲቀር ቱቦው እንዲጸዳ ወደ ናፍጣ ይመልሳታል። ይህን ረስቶ በዘይት ላይ ያጠፋት እንደሆነ ዘይቱ ቀዝቅዞ ቱቦው ውስጥ ይረጋል። ከዚያ ወዲያ ብሎን በብሎን መፍታት ነው፤ የሳምንት ሥራ። ስለዚህ በዚህች መኪና የሚሄድ ሰው ከመቆሙ በፊት እንደሚቆም ማወቅ አለበት፤ ሽንት እንኳ ቢመጣበት አሥር ደቂቃ አስቀድሞ ማስታወቅ ነው።

ሠፈሩ «አባ መጥበሻ» ይለዋል። እናቷ በሕይወት ሳለች፣ «እኔ ባል አገባሁ እንጂ ጥብስ ቤት አላገባሁም» እያለች የታጠበ ልብስ ጎረቤት ታሰጣ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህች መኪና ያልሳቀ የለም፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ዘይቱን ያጠልላል።

በአውቶቡስ ሊሄዱ ነበር። ትኬቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ተቆርጧል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን የአውቶቡስ መሥሪያ ቤቱ ደወለ፦ ናፍጣ ጠፍቷል፣ የነገው ጉዞ ተሰርዟል። ጸሐፊዋ ስልኩን ዘግታ ወንበር ላይ ቁጭ ስትል፣ አባቷ ከጋራዡ እየሮጠ መጣ። በደስታ። ያናደዳት ይኸው ደስታው ነው። ዓይኑ ሊጠፋ ነው፣ ስምንት ወር የተለመነ ተራ ሊያልፍ ነው፣ እሱ ግን ሎተሪ እንደወጣለት ሰው እጁን እያፋተገ፣ «እኔ ምን አልኩ! ምን አልኩ!» ይላል።

እርግጥ ነው፣ ብሏል። ችግሩ ዘይቱ ነው። ሁልጊዜ የሚሰጡት የሠፈሩ ጥብስ ቤቶች ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለሳሙና ሠሪ መስጠት ጀምረዋል፤ ቤት ያለው ለግማሽ መንገድ አይበቃም። «በየመንገዱ ጥብስ ቤት ሞልቶ» አለ አባቷ። በመጀመሪያው ጥብስ ቤት ሳሙና ሠሪው ቀድሟቸዋል። በሁለተኛውም ቀድሟቸዋል። በሦስተኛው፣ ይኸው፣ ሁለት ጀሪካን ተገኘ።

መንገዱ ተራራውን ወጥቶ ወረደ። ነዳጅ ማደያዎች ሲደርሱ ከባድ መኪናዎች ዓይን እስከሚያይ ድረስ ተሰልፈዋል፤ ሾፌሮቹ ጎማ ሥር ተጋድመዋል። ፒክአፗ ስታልፍ አንዳንዱ ቀና ብሎ አየሩን ያሸታል። አንዱ ከኋላቸው፣ «አንድ ሰሐን ተዉልን እንጂ!» ብሎ ጮኸ። አባቷ እጁን በመስኮት አውጥቶ እንደ ንጉሥ አወዛወዘ።

«ሬዲዮ ልክፈት?» አለች።

«አይሆንም። ልስማት።»

«ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ሙሉ ሞተር ነው የምንሰማው?»

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ።»

«ሐኪሙ ዕንቁላሉ እግር እስኪያወጣ አይጠብቅም!»

የአባቷ ቀኝ እጅ መስኮቱ ላይ ነው፤ ግራ እጁ ከዳሽቦርዱ ሥር ካለችው ቁልፍ ላይ አልተነሣም። አንዳንዴ፣ «ድልድዩን አለፍን» ይላል፤ አንዳንዴ፣ «አሁን ከባድ መኪና ሊቀድምሽ ነው፣ ያዝ አድርጊው» ይላል። ሁሉንም በትክክል ይላል። «ትንሽ ትንሽ አያለሁ» ያለው እውነት ነው ማለት ነው፤ እሷም በውስጧ፣ ሐኪሙ ምናልባት አጋኖት ይሆናል እያለች ትጽናናለች። መልሳ ደግሞ ትናደዳለች። የሚያይ ከሆነ ለምን ጫማውን ግራና ቀኝ አሳስቶ እንደሚያደርግ ሊነግራት ይችላል?

ስድስት ሰዓት ላይ ሞተሯ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሳለች።

አንድ ጊዜ ነበር፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ፤ ከዚያ እየተንገዳገደች፣ ነጭ ጭስ እየተፋች፣ አንድ ቁልቁለት ላይ ጸጥ አለች። ጸሐፊዋ መሪውን ወደ ዳር ጠምዝዛ ፍሬን ያዘች። ከዚህ እስከ ሆስፒታሉ ሰባ ኪሎ ሜትር ነው። ግራና ቀኝ ሜዳ፣ አንድ የተሰበረ የመንገድ ምልክት፣ ሌላ ምንም የለም። እጇን መሪው ላይ እንዳደረገች ጮኸች። ቃል አልነበረውም፣ ጩኸት ብቻ ነው። ስምንቱ ወር፣ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ፣ ሳሙና ሠሪው፣ አራቱ ውሾች፣ ሁሉም በዚያ ጩኸት ውስጥ ነበሩ።

አባቷ ጠበቃት። ስትጨርስ፣ «አንድ ጊዜ አስነሺያት» አላት። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ ረጅሙን ካቻቢቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አጎነበሰ። ቁልፉን አዞረች። ሞተሯ ተንተፋተፈችና መልሳ ዝም አለች።

«ውሃ ነው» አለ። «ዘይቱ ውሃ አለው። በረዶ የያዘ አሣ ነው የጠበሰበት ይሄ ሰውዬ።»

ጸሐፊዋ የእሱን በር ከፍታ ከበሩ ኪስ የማርማላታውን ጠርሙስ አወጣች። ወደ ብርሃን ማንሣት እንኳ አላስፈለጋትም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ከላይ እስከ ታች ነጭ ነበር።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ወተት ነው!» አለች። «ሕፃን ልጅ ያየዋል! ፀሐይ ላይ ይዘኸው ቆመህ፣ በዚህ ዓይን፣ በዚያ ዓይን እያልክ፣ እንዴት አላየኸውም?»

አባቷ ካቻቢቴውን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። ጠርጎ ጨረሰ፤ የጠረገውን እንደገና ጠረገ።

«ለእኔ ሁሉም ወተት ነው» አለ።

አንድ መኪና አለፈ። ነፋሱ የኮፈኑን ድጋፍ አንቀጫቀጨው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዓመት አለፈው መሰለኝ። ብርሃኑን አያለሁ። ሰው ሲቆም ጥላውን አያለሁ።»

«ድልድዩንስ? ከባዱን መኪናስ?»

«ድልድይ ላይ የጎማ ድምፅ ይለወጣል እኮ።» ይህን ሲናገር ትንሽ ኩራት ድምፁ ላይ ነበረበት፤ ወዲያው ጠፋ። «ዘይትም ቢሆን በማንኪያ ነው የማውቀው። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች እቀዳና ሻማ ላይ አሞቀዋለሁ። ውሃ ካለበት ይንጫጫል፤ ከሌለበት ዝም ይላል። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው።»

ጸሐፊዋ ጠርሙሱን እንደያዘች ቀረች። ማንኪያዋን ታውቃታለች፤ ከሥሯ በጥቀርሻ የጠቆረች፣ መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ከብሎኖቹ ጋር የምትንከባለል የሾርባ ማንኪያ ናት። ደጋግማ ልትጥላት ፈልጋ ነበር። ዛሬ ጠዋት አምጪልኝ ሲላት ደግሞ፣ ሰው ፊት ቆማ፣ ታየዋለህ አይደል አለችው። እሱም የሚያይ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አደረገ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አብሳዩ ቆሞ?»

«እሱን አይደለም። ዓመት ሙሉ ማለቴ ነው።»

«ብነግርሽ የመኪናዋን ቁልፍ ትወስጂብኛለሽ» አለ አባቷ። «ከዚያ በኋላ ምን ልሰማ ነው?»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን እንዲላት ጠበቀች። ቢላት ይቀላት ነበር፤ መልሳ ትጮህበታለች። አላለም። እጅጌውን ሰብስቦ፣ «አሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ ስጪኝ» አላት።

ከዚያ በኋላ እንደሠሩት ያለ ጭቅጭቅ አብረው ሠርተው አያውቁም። እሱ በጣቱ እየዳሰሰ ይፈታል፣ እሷ ታበራለታለች፤ መብራቱ ለእሷ ብቻ እንደሆነ ትዝ ሲላት ስልኳን ወደ ራሷ ታዞራለች። ሰልባቲዮውን ወደ ባዶው ጀሪካን አንጠፈጠፉት። ማጣሪያውን ፈትተው አራገፉት። ዘይቱ ገና ሳይረጋ ከትንሿ የናፍጣ ሰልባቲዮ ቱቦውን አጠቡ፤ እሷ በእጇ የምትጫነዋን ፓምፕ እየገፋች አየሩን አስወጣች። አውራ ጣቷ ተላጠ። ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ።

የቀረው የድንቹ ጀሪካን ነው። ክዳኑን ከፍታ አየችው፤ ጠቆር ያለ ቡና ዓይነት ዘይት ነው፣ ከሥሩ ምን እንዳለ አይታይም። ይህኛውም ውሃ ካለበት ጉዞው እዚሁ አለቀ።

«ልቅዳው?» አለ አባቷ። «ሰዓቱን አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ሰዓቷን አላየችም። ወደ መሣሪያ ሣጥኑ ሄዳ ማንኪያዋንና የሻማዋን ቁራጭ አመጣች። በፊተኛው ጎማና በተከፈተው በር መካከል ነፋስ በማይደርስበት ቦታ ሻማውን ለኮሰች፤ በቀጭን ቱቦ መጀመሪያ ከላይ ቀዳች። ማንኪያውን ነበልባሉ ላይ ያዘችው። አባቷ ከጎኗ ቁጢጥ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ፤ ዓይኑን ጨፈነ። እሷም ጨፈነች። ዘይቱ ሞቀ፣ ጭስ ጭስ አለ። ድምፅ የለውም።

ከመሃል ቀዳች። ይኸም ዝም አለ።

ከታች ለመቅዳት ቱቦውን እስከ ጀሪካኑ ወለል ሰደደች። የዚህች ማንኪያ አሥር ደቂቃ ስንት ጊዜ እንዳናደዳት አሰበች፤ ጋራዥ ውስጥ ብቻውን ሲያጎነብስ እያየችው፣ አረጀ፣ ከማንኪያ ጋር መጫወት ጀመረ ብላ ለእናቷ ነግራ ነበር። ማንኪያው ከሥሩ ጠቆረ። አንድ ጊዜ ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማች፤ ዓይኗን ገለጠች።

«የሻማው ክር ነው» አለ አባቷ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ዘይቱ እንደዚያ አይልም። ቅጂው።»

ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሞተሯ በናፍጣ ተነሣች። እስክትሞቅ ጠበቃት፤ ከዚያ አባቷ የቧንቧዋን ቁልፍ ወደ ዘይት አዞረ። ፒክአፗ አልሳለችም። የድንቹ ሽታ በመስኮት ገባ።

መንገዱን እንዴት እንደነዳችው በኋላ አታስታውሰውም። እሱ፣ «ሦስተኛ ማርሽ፣ እያቃሰተች ነው» ይላል፤ እሷ ታስገባለች። ግራ ቀኙን ማየት የእሷ፣ ሞተሩን መስማት የእሱ ሆነ። ከተማው ሲጀምር ቁልፏን ወደ ናፍጣ ሊመልስ እጁን ሰደደና፣ የናፍጣውን ሰልባቲዮ በጣቱ ጫፍ ኳ ኳ አደረገው። ባዶ ቆርቆሮ መለሰለት። ያለችው ሁሉ ቱቦ በማጠብና ሞተር በማስነሣት አልቃለች።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ለስምንት አምስት ጉዳይ።»

አባቷ እጁን ከቁልፏ ላይ አነሣ።

የሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው እጁን ዘርግቶ መጣ። «እዚህ መቆም ክልክል ነው! ሞተር አጥፉ! ወይ አጥፉ ወይ ሂዱ!» ከግቢው ውስጥ፣ ደረጃው ጫፍ ላይ፣ አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ ስም ትጠራለች። ከሥሯ ዓይናቸውን በእጃቸው የከለሉ ሰዎች ተሰብስበዋል፤ ስማቸው ዝርዝሩ ላይ የሌለ፣ የሚቀር ሰው የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው።

ጸሐፊዋ ማርሿን አውጥታ ፍሬን ሳበች። «አንተ ግባ» አለች። «እኔ እዚህ ሞተሯን አስነሥቼ እጠብቃለሁ። ጥበቃውን አናግረዋለሁ። ናፍጣ እፈልጋለሁ፣ ከሰው እለምናለሁ...»

«ደረጃ አለው?» አለ አባቷ።

«ምኑ?»

«መግቢያው። ደረጃ አለው?»

አየችው። ዓመት ሙሉ ክንዱን ልትይዝ ስትሞክር እጇን ሲያራግፍባት የኖረ ሰው ነው።

«አለው» አለች። «ብዙ ነው።»

አባቷ እጁን ዘርግቶ መሪውን ዳሰሰ፤ ከመሪው ወረደና የማስነሻውን ቁልፍ አገኘው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ በዘይት ላይ አጥፍቷት አያውቅም። ጥቂት አዳመጣት።

«ስወጣ እያየሁ እፈታታለሁ» አለና አጠፋት።

ፒክአፗ አንድ ጊዜ ተርገፍግፋ ዝም አለች። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ጆሮዋን የሞላው ድምፅ ሲቆም ጸሐፊዋ የከተማውን ጩኸት በአንድ ጊዜ ሰማችው። ወርዳ ዞረች፤ በሩን ከፈተችለት። ክንዷን ሰጠችው፤ ያዘው። በኃይል ነው የያዘው፣ አሳመማት። «አንድ» አለች ደረጃው ጋ ሲደርሱ። «ሁለት። ሦስት።» ከኋላቸው የሞተሯ ብረት እየቀዘቀዘ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል እሷም ትሰማዋለች።

ነርሷ ስም መጥራቷን አቁማ ነበር። ወረቀቷን ዝቅ አድርጋ አፍንጫዋን ወደ ላይ አነሣች፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አሸተተች። ከጠዋት ጀምሮ ምንም ያልቀመሰች መሆኗ ያስታውቃል።

«ማን ነው እዚህ ድንች የሚጠብሰው?» አለች፣ ቆጣ ብላ።

አባቷ ባዶ የነበረውን እጁን፣ ጥቁሩን፣ በዘይት የወዛውን፣ ስሙ እንደተጠራ ተማሪ ወደ ላይ አወጣ።

«አለሁ!» አለ።